አስከሬን ሲያልፍ የማይነሡት ገመድ ያዥ

ጉድጓድ ቆፋሪው አቶ ፈንታሁን ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ እንጅባራ በሚገኘው ቤታቸው፣ በተኙበት ዐርፈዋል። የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ እኔ ሱቄ ውስጥ የተሰበረ የስልክ መስታወት እየቀየርኩ ነበር። ስማቸው ሲጠራ ሰማሁ፤ ሥራዬን ግን አላቆምኩም። መስታወቱን አጣበቅሁ፣ ጠርዙን ጠረግሁ፣ ስልኩን ለባለቤቱ አስረከብኩ። ከዚያ በኋላ ነው ሱቁን ዘግቼ ደረጃው ላይ የተቀመጥኩት።

ሙሉቀን እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ስልክ እጠግናለሁ። ከሟቹ ጋር የሥጋ ዝምድና የለኝም። ሆኖም ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አያ ፈንቴ ብዬ ጠርቻቸዋለሁ። ብዙዎቻችሁ በየስልካችሁ የጫናችሁትን «ታች ቤት» የተባለውን ጨዋታም አብረን ነው የሠራነው። ይህን የምጽፈው አያ ፈንቴን ለምታውቁ ሁሉ ነው፤ ይልቁንም ለታዘባችኋቸው።

የታዘባችሁበትን ነገር አውቃለሁ። በአገራችን አስከሬን ሲያልፍ ቁጭ ብሎ የሚያይ የለም። ገበሬው ሞፈሩን ለቆ፣ ባለሱቁ ሚዛኑን ትቶ ይነሣል፤ ሟቹን ባያውቀው እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ ጥቂት እርምጃ ሸኝቶ ይመለሳል። አያ ፈንቴ ግን ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው ገመድ ከያዙ አይነሡም ነበር። ሬሳው በአጠገባቸው ያልፋል፤ እሳቸው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዐይናቸውን ከጉድጓዱ ሳይነቅሉ፣ እንደተቀመጡ ያሳልፉታል። አንድ ጊዜ የእድሩ ሰብሳቢ እናት አስከሬን በፊታቸው አለፈ። አሁንም አልተነሡም። በማግስቱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አስጠሯቸው።

«ፈንታሁን፣ አንተ ሰው አይደለህም? ሬሳ ቁጭ ብሎ ያሳልፋል?» አሏቸው ሰብሳቢው።

«አጥፍቻለሁ» አሉ አያ ፈንቴ።

«እንግዲያው ሁለተኛ አይልመድህ።»

«እሱን ቃል መግባት አልችልም። ሰው ታች ካለ አልነሣም።»

ምክንያቱን ቢጠይቋቸው፣ ቢለምኗቸው፣ ቢቆጧቸው አልተናገሩም። ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ግን እግራቸውን ታጥበው ወደ ለቅሶው ቤት ይሄዱና «ዛሬ ቁጭ ብዬ አሳልፌያቸዋለሁ፤ ይቅር በሉኝ» ይሉ ነበር። ይህን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ለሰው የታየው መቀመጣቸው ነው። «ገመዱ ፈንቴ» የሚል ስምም ወጣላቸው፤ እሳቸውም አልጠሉትም።

አባቴም ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር፤ የአያ ፈንቴ የሥራ ጓደኛ። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አዲስ ቅዳም አካባቢ ሲቆፍሩ እዚያው ታች ሞተ። እናቴ «ጉድጓድ በላብኝ» ነበር የምትለው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከቀብሩ በኋላ በነበረው ቅዳሜ አያ ፈንቴ ከቀርቀሃ አጥራችን ውጭ ቆመው «አላችሁ?» ብለው ተጣሩ። እናቴም ከውስጥ «አለን» አለች። ደብተርና እርሳስ፣ ከጎኑም ግማሽ ጆንያ ድንች በሩ ሥር አስቀምጠው ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጡ። እኔ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ አንድም ቅዳሜ አልዘለሉም። አንዳንዴ ምንም ሳይዙ ይመጡና «አላችሁ?» ብለው፣ «አለን» ስንላቸው ይመለሳሉ። እናቴ «ኧረ ግቡ፣ ቤት ያፈራውን ቅመሱ» ብትላቸው አይገቡም። ልጅ ሆኜ ትዕቢተኛ ይመስሉኝ ነበር።

ጨዋታችን የተጀመረው ኔትወርክ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ነው። መንገድ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል፤ ከዳንግላ የወጣ ሚኒባስ እንጅባራ መድረሱን የሚያውቅ ሲደርስ ብቻ ነው። ወንድሙ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ሱቄ መጥቶ ዝም ያለ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል። አያ ፈንቴ ያን ጊዜ ሳንባቸው ደክሞ ቁፋሮ ትተው፣ ጠዋት ጠዋት ሱቄ በር ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ደንበኞቼ ስልክ ላይ የውጭ አገር ጨዋታ ሲጫወቱ አዩ። ከመሬት በታች ባለ የጨለማ ቤት ይገባሉ፤ ክፍሎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ በየማዕዘኑ ወጥመድ አለ፤ ከዚያ ሁሉ መሐል ሀብት ይፈልጋሉ። አያ ፈንቴ አንገታቸውን አስግገው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፣

«ይህን የሠራው ሰው ጉድጓድ ገብቶ አያውቅም» አሉ።

«እንዴት አወቁ አያ?» አልኳቸው።

«ሁሉም ወርደዋል። ላይ የቀረ የለም።»

ሳቅንባቸው። በማግስቱ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት እኩል እኩል አድርገው ቆርጠው፣ በአናጢ እርሳስ በርና ግድግዳ ስለውበት ይዘው መጡ። ጠረጴዛዬን ያለ ፈቃዴ አጸዱና ደረደሩት። ከዚያ ቀን በኋላ ሱቁ የእኔ ይሁን የእሳቸው አልታወቀም፤ እሳቸው በወረቀት ይስላሉ፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም አደርገዋለሁ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። «ታች ቤት» ኔትወርክ አይፈልግም። አንድ ስልክ ወይም ታብሌት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ አራት ሰው ይከበዋል። ሦስቱ ይወርዳሉ፤ የሚፈልጉትም ወርቅ ሳይሆን የውሃ ዐይን ነው። በየዙሩ አንድ ረድፍ ክፍሎች ይንሸራተቱና በር የነበረው ግድግዳ ይሆናል። የሚናድ አፈር አለ፤ ድንገት የሚሞላ ውሃ አለ፤ ፋኖስ ሳያጠፋ ሰው የሚጥል አየር አለ። አራተኛው ተጫዋች ገመድ ያዥ ነው። እሱ አይወርድም፣ ውሃውንም አያገኝም። ሥራው በየዙሩ እያንዳንዱን ወራጅ «አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «አለሁ» ብሎ የመለሰውን ከወጥመድ አንድ ክፍል ወደ ኋላ ሊጎትተው ይችላል። ገመድ ያዡ ሳይጠይቅ ካለፈ ክፍሎቹ ሁለት ጊዜ ይንሸራተታሉ። «አለህ?» የሚለውን ድምፅ የቀዳነው ከራሳቸው ነበር፤ አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በአዊኛ። አምስት ጊዜ ቀድተን አምስቱንም አልወደዱትም። «ሰው ታች እንዳለ አላሰብኩም፤ እንደገና» ይሉኝ ነበር።

ክፍል ሲስሉ ከሁሉ አስቀድመው መውጫውን ይስላሉ። «በሩን ሳላውቅ ግድግዳ አላቆምም» ነበር ቃላቸው። አንድ ጊዜ ፕሮግራሙን ስፈትሽ፣ ሁለት ረድፎች ተከታትለው ሲንሸራተቱ አንድ ክፍል በአራቱም በኩል እንደሚዘጋ ደረስኩበት። እኔ ደስ አለኝ፤ ጨዋታውን ያከብደዋል ብዬ። እሳቸው ፊታቸው ተለወጠ። አራት ቀን ሙሉ ወረቀቶቹን እየገፉ፣ ሲያስላቸው እያረፉ፣ ማንም የማይዘጋበትን አሰላለፍ ፈለጉ። በአራተኛው ቀን አገኙት። «መከራ ይብዛበት፤ ግን መውጫ ይኑረው» አሉና ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰው ጨዋታውን ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበለ እስከ ጥሊሊና አዘና አደረሰው። በለቅሶ ድንኳን ካርታ ሲጫወቱ የነበሩ ሰዎች «ታች ቤት»ን ከበው አይቻለሁ። ቅሬታው አንድ ብቻ ነበር፦ ገመድ ያዥ መሆን ይሰለቻል። ስለዚህ አንድ ዝናባማ ቀን አያ ፈንቴን ለማግባባት ሞከርኩ።

«ገመድ ያዡ ለአንድ ዙር ተነሥቶ መመለስ ይፈቀድለት፤ ስልክ ይደወልለታል፣ ሰው ይጠራዋል» አልኳቸው።

«አይነሣም።»

«ጨዋታ እኮ ነው አያ።»

«አይነሣም አልኩህ።»

«እሺ ምክንያቱን ይንገሩኝ።»

በእጃቸው የነበረውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ እስኪቀንስ የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር።

«አባትህ የወረደው በተራው ነው» ብለው ጀመሩ። «ፋኖስ አውርደን አየሩን ፈትነናል፤ አልጠፋም። አሥራ ስምንት ክንድ ደርሰናል፤ አፈሩ ረጥቧል፤ ደስ ብሎናል። ከዚያ ሬሳ መጣ። የማላውቃቸው ባልቴት ናቸው። "ሬሳ ሊያልፍ ነው፣ ትንሽ ቆየኝ" አልኩት። "ሸኛቸው፤ እኔ አለሁ" አለኝ። ገመዱን ከባሕር ዛፉ አሰርኩት። ባርኔጣዬን አውልቄ ተነሣሁ። እስከ አጥሩ ጥግ ነው የሸኘሁት ሙሉቀን፤ ከአጥሩ ጥግ አላለፍኩም። ተመልሼ "አለህ?" አልኩት።»

«እሺ?»

«ዝም።»

ላይ ገመድ የሚይዝላቸው ሳይኖር ራሳቸው ወረዱ። አባቴን በገመዱ አስረው፣ ተመልሰው ወጥተው ጎተቱት። ሳንባቸው በታችኛው አየር የተጎዳውም ያን ቀን ነው።

ምን ማለት እንደነበረብኝ አሁን አውቃለሁ። «ማንም ቢሆን ይነሣ ነበር፤ በወግ ነው የተነሡት» ማለት ነበረብኝ። እውነቱም ይኸው ነው። ሬሳ ሲያልፍ የሚቀመጥ ሰው በዚያ ቀን በአገሩ አልነበረም። እኔ ግን «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ!» አልኩና ኮምፒውተሬን ዘጋሁት። አያ ፈንቴ ወረቀቶቻቸውን አንድ በአንድ ሰብስበው በፌስታል አደረጉ። ዝናቡ ሳያባራ ወጥተው ሄዱ። ጃንጥላ ነበረኝ፤ አልሰጠኋቸውም።

ከሳምንት በኋላ ዳንግላ ላይ የጌም ቤት ያለው አንድ ሰው መጣ። ጨዋታውን በታብሌቶቹ ላይ ሊጭን ፈልጓል፤ «ያ ቁጭ ብሎ የሚጠይቀው ግን ምን ያደርጋል? አውጡት፤ ሁሉም ይውረድ» አለኝ። እኔም አወጣሁት። ለሰው ስነግር የዳንግላው ሰውዬ ነው ያስወጣኝ እል ነበር፤ ዋሽቻለሁ። ሰውዬው ባይመጣም አወጣው ነበር። ተናድጃለሁ፤ ንዴቴን የማወጣበት ሌላ ቦታ አላገኘሁም። ገመድ ያዡን ከሰረዝኩ በኋላ ድምፃቸውንም ሰረዝኩ፤ ከጨዋታው ብቻ ሳይሆን ከኮምፒውተሬም ጭምር። ፋይሉ እንዲቀል ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ትናንሽ ድምፆች ነበሩ፤ ያን ያህል የሚከብዱ አልነበሩም።

ሕመማቸው ሲጠና ሰው ምን ይለኛል ብዬ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ትራስ ደግፈው አስቀመጧቸው። አያ ፈንቴ ስላለፈው አንድ ቃል ሳይናገሩ «ቤታችን እንዴት ሆነ?» አሉኝ፤ ጨዋታውን ማለታቸው ነው። ታብሌቱን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ በአውራ ጣታቸው ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ፈለጉ።

«ገመድ ያዡ የት ሄደ?»

«ሰው አልወደደውም አያ።»

«ድምፄስ?»

«ስልክ ላይ ይከብዳል።»

«እሺ» አሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩና፣ «የወረዱትን ግን ማን ይጠይቃቸዋል?» አሉ።

አንድ ዙር ተጫወቱ። ሦስቱም ወራጆች አንድ በአንድ ወደቁ፤ የሚጎትታቸው አልነበረምና። ታብሌቱን መለሱልኝ። «ሥዕሉ አምሮበታል» አሉኝ። ሊያስደስቱኝ ብለው ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ተመልሼ አልጠየቅኋቸውም። መንገድ ተዘግቶብኝ ነበር ማለት በቻልኩ። በዚህ ዘመን ሁላችንም ይህ ምክንያት አለን፤ የሚጠይቀንም የለም። በቤታቸውና በሱቄ መካከል ያለው ግን የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። እሳቸው በእኔ ላይ አንድ ቅዳሜ አልዘለሉም። እኔ ሦስት ቅዳሜ ዘለልኩባቸው። እትዬ የሺ በለቅሶው ላይ እንደነገሩኝ፣ በእነዚያ ቅዳሜዎች ወደ አጥሩ በር ዞረው ነበር የሚተኙት። ገመድ ያዡን ወደ ቦታው መመለስ የሁለት ቀን ሥራ ነበር። እስከ ሐሙስ ድረስ አልጀመርኩትም።

ቀብራቸው ዓርብ ነበር፤ ዝናብ ስለተፈራ አስከሬኑ ከተባለው ሰዓት ቀድሞ ወጣ። ሕዝቡ ብዙ ነው። ባጃጆች ቆሙ፤ አንዱ ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ተሳፋሪውን ውስጥ ትቶ፣ ወርዶ ሸኘን። አያ ፈንቴን ሰላም ለማለት እንኳ የማይቸኩሉት የእድሩ ሰብሳቢ ከፊት ነበሩ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ከመታጠፋችን በፊት አንድ ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ይቆፈራል። አፉ ላይ ገመድ ይዞ የተቀመጠው ይሁኔ ነበር፤ አያ ፈንቴ ሥራ ያስተማሩት፣ አሁን የልጆች አባት የሆነ ጎልማሳ። ጨርሶ ለቀብሩ ሊደርስ አስቦ ሥራ ጀምሯል፤ እኛ ቀድመን ደረስንበት። ጓደኛው ታች ነው።

መንገዱ ዳር ያለው ሁሉ ተነሣ። ይሁኔ አልተነሣም። ገመዱን በሁለት እጁ እንደያዘ አንገቱን ደፋ፤ እንባው አፍንጫው ላይ ሲወርድ አየሁ፤ የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም።

«አየኸው ያንን ባለጌ?» አሉ ከኋላዬ የነበሩ ሴት። «ላስተማረው ሰው እንኳ አይነሣም!»

«ሰው ታች አለ እማማ» አልኳቸው።

እያለፍነው ሳለ የይሁኔ ድምፅ ተሰማ። «አለህ?» አለ። ቆየት ብሎ ከመሬት ሥር «አለሁ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ጥሩንባው ከተነፋ ጀምሮ ያላለቀስኩት ሰውዬ እዚያ ላይ አለቀስኩ። ይሁኔ ቀብሩ ካለቀ በኋላ ጭቃ እንደለበሰ መጥቶ አንድ እፍኝ አፈር ጨመረ። ያኔም ያጉረመረሙበት አሉ። እንግዲህ ምክንያቱን አነበባችሁ፤ እሱንም እሳቸውንም ይቅር በሉ።

አያ ፈንቴ፣ ገመድ ያዡን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። የዳንግላው ሰውዬ ከፈለገ ይውሰደው፣ ካልፈለገ ይተወው። ድምፅዎን ግን አላገኘሁትም። በሰው ስልክ ሁሉ ለመንኩ፤ የድሮውን ያስቀረ አንድ ሰው አጣሁ፤ ሁሉም አዲሱን ጭነዋል፤ የጫንኩላቸውም እኔ ነኝ። የራሴን ድምፅ ቀዳሁበት። አዊኛው ላይ ይሰባበራል፤ ቢሰሙት «እንደገና» ይሉኝ ነበር። እርስዎ ከገመዱ የተነሡት ሰው ለመሸኘት ነው፤ እስከ አጥሩ ጥግ ብቻ። እኔ የተነሣሁት ማንም ሳያልፍ ነው፤ ሦስት ቅዳሜም አልተመለስኩም። የእርስዎን ይቅር ብያለሁ፤ ይቅር የሚባል ነገርም አልነበረውም። ይህን በሕይወት ሳሉ ከአፌ መስማት ይገባዎት ነበር።

አፈሩ ይቅለልዎት አያ። ነገ ቅዳሜ ነው። ድንችም ደብተርም አልያዝኩም፤ ባዶ እጄን እመጣለሁ። ከአጥርዎ ውጭ ቆሜ እትዬ የሺን «አሉ?» ብዬ እጣራለሁ። «አለሁ» እስኪሉኝ ድረስም ከዚያ አልነቃነቅም።